«ቆሽቴ አረረ»

እኛ ሰው ሲያናድደን «ቆሽቴን አሳረረው» እንላለን፤ ስንፈራ ደግሞ «ሐሞቴ ፈሰሰ» እንላለን። እኔም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር እንደ መሆኔ መጠን ይህን አነጋገር በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ ተማሪዎቼ የቤት ሥራቸውን ሳይሠሩ ሲመጡም እኔው ራሴ እናገረዋለሁ። ዳሩ ግን ቆሽት የሚባለው ነገር በሆድ ውስጥ የት እንደሚገኝ፣ ሐሞትስ በየትኛው መንገድ እንደሚፈስ እስካለፈው ዓመት ድረስ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። እንድጠይቅ ያደረገኝ የአክስቴ ሕመም ነው፤ ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ግን የራሴ ጥፋት ነው።

እናቴ በሕፃንነቴ ስለ ሞተች ያሳደጉኝ አክስቴ ናቸው። እንጀራ ጋግረው እየሸጡ አስተማሩኝ፤ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተመረቅሁበት ቀንም ከማንም በላይ እልል ያሉት እርሳቸው ነበሩ። ያለፈው ዓመት በግንቦት ወር የዓይናቸው ነጭ ቢጫ ሆነ፤ ሽንታቸው እንደ ሻይ ጠቆረ፤ ገላቸውንም ያሳክካቸው ጀመር። ጎረቤቱ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» አለ። ቅጠል የሚቀምሙ ሰው ተጠርተው ሁለት ሳምንት ሙሉ መራራ ነገር ጠጡ። ከቀኝ ጎናቸው ሥር የነበረው ሕመም ሲጸናባቸው ግን ወደ ከተማችን ሆስፒታል ወሰድኋቸው። በአልትራሳውንድ ሲታዩ ከሐሞት ከረጢት የወጣ ጠጠር የሐሞቱን ቧንቧ ዘግቶት ተገኘ፤ ስለዚህ ደብዳቤ ተጽፎልን ወደ አዲስ አበባ ተላክን።

እዚያ የተቀበሉን ሐኪም ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩ። እስክሪብቶ አውጥተው በአንድ ወረቀት ጀርባ ላይ ሁለት ወንዝ ሣሉልን። አንደኛው ወንዝ ከጉበት የሚወርደው የሐሞት ቧንቧ ነው፤ ሐሞት የሚሠራው በጉበት ውስጥ ሲሆን ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው። ሁለተኛው ወንዝ ከቆሽት ይመጣል። ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ ተጋድሞ የሚገኝ ዕጢ ነው፤ ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ይሠራል፤ የስኳርን መጠን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊንንም ወደ ደም የሚልከው እርሱ ነው። ሁለቱ ወንዞች በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ተገናኝተው በብዙ ሰው ዘንድ በአንዲት ጠባብ አፍ ይፈስሳሉ። ይህች አፍ እስከ ዛሬ በጀርመናዊው የአካል ሊቅ በአብርሃም ፋተር ስም ትጠራለች።

«ጠጠሩን ሆድ ሳንቀድ እናወጣዋለን» አሉ ሐኪሙ። ሥራው በሐኪሞች አጠራር ኢ አር ሲ ፒ ይባላል። መብራትና ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በአፍ ገብቶ፣ ጨጓራን አልፎ፣ እስከዚያች ጠባብ አፍ ይደርሳል። ከቱቦው ውስጥ ሌላ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ወደ ሐሞቱ መንገድ ይገባል፤ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ይረጫል፤ ከዚያም የአፏ ጡንቻ በጥቂቱ ተሰንጥቆ ጠጠሩ ይጎተታል። ይህን መንገድ ከቱቦው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሱበት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም መክዩንና ባልደረቦቻቸው ናቸው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ጡንቻውን ሰንጥቆ ጠጠር ማውጣት ደግሞ በ1974 ከጀርመንና ከጃፓን ተሰማ። ቀድሞ ሆድ ተቀድዶ ብዙ ሳምንት የሚያስተኛ የነበረው ሥራ እንዲህ ቀለለ።

ሐኪሙ ግን አንድ ነገር አልሸሸጉንም። «ሁለቱ ወንዞች ጎረቤት ስለሆኑ አንዱን ስንነካ ሌላው ሊቆጣ ይችላል» አሉን። መሣሪያው ጠባቧን አፍ ሲነካካት ታብጣለች፤ የቆሽቱም ፈሳሽ መውጫ ያጣል። ወይም የሚረጨው ፈሳሽ ሳይታሰብ ወደ ቆሽቱ መንገድ ይገባል። ያን ጊዜ ምግብ ሊፈጭ የተሠራው ፈሳሽ የሠራውን ዕጢ ራሱን መፍጨት ይጀምራል። ይህ የቆሽት መቆጣት ከዚህ ሥራ በኋላ ከሚመጡት ጉዳቶች ሁሉ የሚበዛው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር ከመቶ ሰው ከ3 እስከ 10 ነው፤ በአንዳንዶች ላይ ግን ከዚያ ይበልጣል። አብዛኛው በጥቂት ቀን ይድናል፤ ጥቂቱ ይጸናበታል፤ የሚሞትም አለ። እኔም ይህን ሁሉ ሰምቼ በስምምነቱ ቅጽ ላይ ፈረምሁ።

አሁን አንባቢዬ ወደ ጥፋቴ ደረስሁ።

በማግሥቱ ጧት አክስቴ ወደ ክፍሉ ከመግባታቸው በፊት አንዲት ነርስ ቁራጭ ወረቀት ሰጠችኝ። «የእኛው መድኃኒት ቤት ጨርሷል፤ ከውጭ ቶሎ ገዝተው ያምጡልን። ቆሽታቸው እንዳይቆጣ የሚረዳ ነው፤ በመቀመጫ በኩል የሚገባ ነው» አለችኝ። አክስቴ ይህን ሰሙ። ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ሳብ አድርገው፣ ነርሷ ዞር እስክትል ጠብቀው፣ የኮቴን እጅጌ ያዙኝ።

«በየት በኩል ነው ያለችው?»

«በመቀመጫ ነው እትዬ፤ መድኃኒት እኮ ነው።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ! አንተ ቆመህ እያየህ! የለም፣ አጣሁት በላት ልጄ። የምትወደኝ ከሆነ አጣሁት በላት።»

አይሆንም ማለት ይገባኝ ነበር። ሳልመልስ ወጣሁ። ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ባለው መድኃኒት ቤት ሰልፍ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ወረቀቱን አቀረብሁ፤ ሻጪቱ ከተማሪዎቼ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። አነበበችና «ሰፖዚቶሪው ነው? በመቀመጫ የሚገባው?» ስትል ጠየቀችኝ፤ ድምፅዋም ከፍ ያለ መሰለኝ። ከኋላዬ ሁለት ጎረምሶች ሳቁ። በእኔ ይሁን በሌላ ነገር እስከ ዛሬ አላውቅም። ጆሮዬ ጋለ። «ኋላ እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። መድኃኒቱ ነበረ፤ ገንዘቡም በኪሴ ነበረ፤ ጊዜም ነበረኝ። ተመልሼ ለነርሷ «አጣሁት» አልኋት። አክስቴ በዓይናቸው መረቁኝ።

ጠጠሩ ትልቅ ስለ ነበረ በአንድ ጊዜ አልወጣም። መንገዱን ሰንጥቀው ሐሞቱ እንዲፈስ የላስቲክ ቱቦ ትተውበት፣ ከሦስት ወር በኋላ እንድንመለስ ተነገረን። አክስቴም ከሰመመናቸው ነቅተው ፈገግ አሉ። ወደ ማታ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣ ከእምብርታቸው በላይ የጀመረ ሕመም እንደ ጦር ወደ ጀርባቸው ዘለቀ። አስመለሳቸው፤ መቀመጥም መተኛትም አቃታቸው። በማግሥቱ ደማቸው ሲመረመር አሚሌዝ የሚባለው የቆሽት ቅመም ከልኩ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ቆሽታቸው ተቆጥቷል ተባልን።

ዘጠኝ ሌሊት ከአልጋቸው አጠገብ በካርቶን ላይ ተኛሁ። በደም ሥራቸው ፈሳሽ ይሰጣቸዋል፤ የሕመም ማስታገሻ ይወጋሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እህል የሚባል አልቀመሱም። በአምስተኛው ቀን ጥቂት ሻል ሲላቸው ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተን ሳሳድግ ስንት ጊዜ ቆሽቴ አረረ ብያለሁ! ለካስ ሳላውቀው ነው» አሉኝ። እርሳቸው ሳቁ፤ እኔ ግን ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ አለቀስሁ።

እዚያው ኮሪደር ላይ ሐኪሙን አገኘኋቸውና እውነቱን ነገርኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ጥቂት ዝም ብለው፣ «መድኃኒቱ ቢሰጥ ኖሮ አይታመሙም ነበር ብዬ ልነግርህ አልችልም፤ ባይሰጥም አብዛኛው ሰው አይታመምም። የሒሳብ መምህር ነኝ ብለኸኛል፤ ቁጥሩን ሂድና ራስህ አንብበው» አሉኝ። እኔም አነበብሁት፤ ያነበብሁትን ላካፍልህ።

ቆሽትን ከዚህ ጉዳት ለመጠበቅ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ብዙ መድኃኒት ሞክረዋል፤ አብዛኛው ተስፋ ሰጥቶ ኋላ ከንቱ ሆነ። በመጨረሻ የተገኘው ግን ለሌላ ሕመም ሲያገለግል የኖረ አሮጌ መድኃኒት ነው። ስሙ ኢንዶሜታሲን ይባላል፤ ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲሰጥ የኖረ ነው። በ2012 በአሜሪካን አገር 602 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። ሰዎቹ አብዛኞቹ ለዚህ ጉዳት ይበልጥ የተጋለጡ ነበሩ። በዕጣ ተከፍለው 295ቱ መድኃኒቱን በመቀመጫ በኩል፣ 100 ሚሊግራም፣ ሥራው እንዳለቀ ወሰዱ፤ 307ቱ ግን መልኩ አንድ የሆነ መድኃኒትነት የሌለውን ወሰዱ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 27 ሰዎች ታመሙ፤ ካልወሰዱት 52 ታመሙ። ይኸውም ከመቶ 9.2 እና ከመቶ 16.9 ማለት ነው።

በ2016 ደግሞ ከቻይና 2,600 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት ወጣ። ለተጋለጡት ብቻ ከሥራው በኋላ ከመስጠት ይልቅ ለሁሉም ከሥራው በፊት መስጠት ይሻላል ወይ የሚል ነበር። ለሁሉም አስቀድሞ ሲሰጥ የታመሙት ከመቶ 4 ሲሆኑ፣ ለተጋለጡት ብቻ ሲሰጥ ግን ከመቶ 8 ሆኑ። በዚህም መሠረት የአውሮፓ የኢንዶስኮፒ ሐኪሞች ማኅበር በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ የሚከለክለው ምክንያት የሌለበት ሰው ሁሉ ከሥራው ጥቂት ቀደም ብሎ 100 ሚሊግራም ኢንዶሜታሲን ወይም ወንድሙን ዳይክሎፌናክን በመቀመጫ በኩል እንዲወስድ ይመክራል። በአፍ ብንውጠውስ? ትለኝ ይሆናል፤ እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር። የሚዋጠው ግን እንዲህ ያለ ጥቅም አልተረጋገጠለትም። ይሉኝታችን የሚወደው መንገድና ቆሽት የሚጠቅመው መንገድ አንድ አይደሉም።

በትምህርት ቤት ይህን ነገር ስለ መቶኛ ሳስተምር በሰሌዳ ላይ ጻፍሁት። 16.9 ሲቀነስ 9.2 ልዩነቱ 7.7 ነው፤ መቶን ለ7.7 ብናካፍለው 13 ያህል ይወጣል። ስለዚህ እንደነዚያ ከተጋለጡት ሰዎች 13ቱ መድኃኒቱን ቢወስዱ አንዱ ሊይዘው ከነበረው ሕመም ይድናል ማለት ነው። ከተማሪዎቼ 13ቱን ወደ ፊት አወጣሁና «የሚድነው የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ዝም አሉ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጅዋን አወጣችና «የትኛው እንደ ሆነ ካልታወቀ ሁሉም ይውሰዱ እንጂ» አለች። እኔ በመድኃኒት ቤቱ ሰልፍ ላይ ያልተገለጸልኝ ነገር ለእርስዋ በሁለት ደቂቃ ተገለጸላት። አክስቴ ከአሥራ ሦስቱ አንዷ ይሁኑ አይሁኑ ሒሳብ ሊነግረኝ አይችልም፤ ከዕጣው ያወጣኋቸው እኔ መሆኔን ግን አይክድም።

ደግሞም መድኃኒቱ ብቻውን ሁሉ ነገር አይደለም። ብልሁ ሐኪም በጠባቧ አፍ ሲገባ ፈሳሹን ከመርጨቱ በፊት ቀጭን ሽቦ እያስቀደመ መንገዱን ያረጋግጣል። እጅግ ለተጋለጡት ደግሞ ፈሳሹ እንዳይታገድ በቆሽቱ መንገድ ትንሽ ቱቦ ይተዋል፤ በ2024 በወጣው፣ 1,950 የተጋለጡ ሰዎች በተመረመሩበት የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ኢንዶሜታሲን ብቻውን ሲሰጥ ከመቶ 14.9 ሲታመሙ፣ ቱቦው ሲጨመርበት ወደ 11.3 ወርዷል። ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ግን ያለ በቂ ምክንያት ያችን አፍ አለመንካት ነው። በ2014 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ሐሞት ከረጢታቸው ወጥቶ ሕመም ያልለቀቃቸውን፣ ጠጠርም ሌላም የሚታይ ነገር ያልተገኘባቸውን 214 ሰዎች መርምሮ፣ ጡንቻውን መሰንጠቅ የይስሙላ ሥራ ከተሠራላቸው የበለጠ እንዳልጠቀማቸው አሳይቷል። ዛሬ መንገዱን ለማየት ያህል ብቻ ከሆነ ኤም አር አይ አለ፤ እርሱ ቆሽትን አይነካም።

በመስከረም ወር አክስቴን ይዤ ተመለስሁ። ሐኪሙ እንደ ነገሩን መንገዱ ቀድሞ ስለ ተሰነጠቀ የአሁኑ ሥራ ይቀልላል፤ ቆሽቱ አንድ ጊዜ የተቆጣ ሰው ግን ዳግመኛ እንዳይቆጣበት ይፈራል። አውቶቡስ ላይ ሳለን እውነቱን ልነግራቸው ስለ ፈለግሁ «እትዬ፣ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ነበረ» አልኋቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ውሸት ስትናገር ጆሮህ ይቀላል፤ ከልጅነትህ ጀምሮ እንዲሁ ነህ። አሁን ግን ግዛው። ዘጠኝ ሌሊት ያየሁትን ካየሁ በኋላ ምን የሚታፈር ነገር ቀረኝ?»

በዚያው መድኃኒት ቤት ያው ሰልፍ ነበር። ተራዬ ሲደርስ «በመቀመጫ የሚገባውን ሰፖዚቶሪ» ብዬ ድምፄን ሳልቀንስ ጠየቅሁ። የሳቀ ሰው የለም። ልጅቱም ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ከመደርደሪያው አወረደችና ሒሳቡን ነገረችኝ። ነርሷም በመጋረጃ ውስጥ፣ ሰው ሳያይ፣ በአንድ ደቂቃ ፈጸመችው። ጠጠሩ ወጣ፤ ቱቦውም ወጣ። ያን ቀን ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ሆዳቸውን እያሰብሁ ተቀመጥሁ፤ እርሳቸው ግን እያንኮራፉ አደሩ። ከወር በኋላ የጠጠሩ መነሻ የሆነው ከረጢት በቀዶ ጥገና ወጣላቸው፤ ዛሬ እንጀራቸውን ይጋግራሉ። ይህ መድኃኒቱን አያስመሰክርም፤ አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም፤ የሚያስመሰክሩት ከላይ የጻፍሁልህ ቁጥሮች ናቸው።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ተማሪም ሁን የመንግሥት ሠራተኛ፣ በቤትህ ውስጥ ፊደል የቆጠርህ አንተ ከሆንህ እናትህን ወይም አባትህን ይዘህ ወደ ሆስፒታል የምትሄደው፣ ቅጹንም የምትፈርመው አንተ ነህ። ይህ ሥራ የታዘዘ እንደ ሆነ ሐኪሙን በአክብሮት ሦስት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፣ ሥራው ለማከም ነው ወይስ ለማየት? ለማየት ብቻ ከሆነ ሌላ መንገድ የለም ወይ? ሁለተኛ፣ ቆሽትን የሚጠብቀው መድኃኒት ይሰጣል ወይ፣ መቼስ ይሰጣል? ሦስተኛ፣ በሽተኛው ለጉዳቱ ይበልጥ የተጋለጠ ነው ወይ? ሴቶች፣ በዕድሜ ወጣት የሆኑ፣ ከዚህ ቀደም ቆሽታቸው የተቆጣ ይበልጥ ይጠነቀቁ ዘንድ ይገባል። አንተም በበኩልህ የምታውቀውን አትደብቅ፤ በሽተኛው ኩላሊቱን የሚያመው፣ የጨጓራ ቁስል ያደማው፣ አስፒሪንና መሰሎቹ የማይስማሙት፣ ወይም ነፍሰ ጡር እንደ ሆነች አስቀድመህ ተናገር፤ መድኃኒቱ ለእነዚህ ሰዎች ጉዳት ሊሆን ይችላልና። ከሥራውም በኋላ በዚያው ቀን ወደ ሩቅ አገር አትሳፈር። በሆድ ላይ ጽኑ ሕመም ወይም ማስመለስ ከመጣ ሳታመነታ ተመለስ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እኛ በሽታውን አልደበቅንም ነበር፤ ያፈርነው መድኃኒቱን ነው። ዋጋውም ያው ሆነ። አንተም አንድ ቀን በዚያ ሰልፍ ላይ ቆመህ ጆሮህ የጋለ እንደ ሆነ፣ ከኋላህ የሚስቀውን ሰው ከዚያ ቀን በኋላ እንደማታየው፣ በአልጋ ላይ የተኙትን ግን ዕድሜህን ሙሉ እንደምታያቸው አስብ፤ ድምፅህንም ከፍ አድርገህ ጠይቅ።